ባለ ሁለት ቋጠሮው ማልያ

የብሔራዊ ቡድኑ ሦስት ቁጥር ማልያ ባለቤት መለወጡን የተጫዋቹ እናት ሰማች፤ ያውም ነግረዋት ሳይሆን የልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት ወደ ኮሪደሩ ስለሚከፈት ብቻ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማሽኑ ውሃውን ደፍቶ ጸጥ ባለበት ቅጽበት፣ የፌዴሬሽኑ ጸሐፊና ምክትል አሠልጣኙ መስኮቱ ሥር ቆመው ሲጋራ ይለኩሳሉ። «የግራ መስመሩን ነገር ተገላገልነው» አለ ጸሐፊው። «የልጁ ወረቀት ትናንት ገባ። ባሕር ማዶ ቢወለድም እናቱ የእኛ ሰው ናት፤ የሁለቱንም አገር ዜግነት ይዞ ለእኛ መሰለፍ ይችላል ብሎ የዓለም ፌዴሬሽኑ ፈቅዷል።» ምክትሉ ጭሱን ተፋና «ግራውስ?» ሲል ጠየቀ። «እሱማ ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ጉልበቱን ደግሞ ታውቀዋለህ። አሥራ አንድ ዓመት ተጫወተ፤ ከዚህ በላይ ምን ይሁንለት?» ተሳሳቁና ሄዱ። «ግራው» የሚሉት የእሷን ልጅ ነው፤ በግራ እግሩ ስለሚመታ ገና ጥርሱን ሳይነቅል የሰፈር ልጆች ያወጡለት ስም ነው። እሷ ያን ጊዜ ሁለት እጇን ካልሲ የተዘፈዘፈበት ባልዲ ውስጥ እንደነከረች ክው ብላ ቀረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አገር ያወቀውን ነገር መጨረሻ የሚሰማው ባለጉዳዩ ነው። ምነው ለእኔስ ባላሰማኸኝ አለች በሆዷ፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ።

እዚያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥባለች። ክፍሉ የስታዲየሙ መቀመጫ ሥር ስለሆነ ጣሪያው ወደ ኋላ እየወረደ ይሄዳል፤ ረዘም ያለ ሰው ከማሽኖቹ ለማለፍ ማጎንበስ አለበት። ሁለት ማሽን አለ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ከተበላሸ ስድስት ዓመት ስለሆነው የሳሙና ዱቄት ማስቀመጫ ሆኗል። ተጫዋቾቹ «እትዬ ክር» ይሏታል። የልምምድ ልብስ ቁጥር የለውም፤ የሃያ ሦስት ሰው ሸሚዝ፣ ቁምጣና ካልሲ አንድ ላይ ታጥቦ ሲወጣ የማን የማን እንደሆነ ሰይጣንም አይለየውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ የክር ቀለም ሰጥታ ከአንገቱ ወይም ከወገቡ ውስጥ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ ቁጥር ያለውን የግጥሚያ ማልያ እንኳ ሳትቋጥር አታልፍም። ክሩ የቁጥሩ ነው እንጂ የሰውየው አይደለም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ከነክሩ ይወርሳል። ይህ ደንቧ ነው፤ በደንቧ ቀልድ አታውቅም። አንድ ጊዜ ጡረታ የወጣ በረኛ ቢጫ ክሩን ፈትታ እንድትሰጠው ለምኗት ነበር፤ «ክሩ የመንግሥት ነው፣ የኔ ልጅ» ብላ ስቃ መለሰችው። እሱም አብሯት ሳቀ፤ ከዚያ ዞሮ ሲሄድ ግን ትከሻው ወርዶ ነበር። ዛሬ ትዝ አላት። በዚህ ሁሉ ዘመን ደንቧን የጣሰችው አንዴ ብቻ ነው፤ ለልጇ ሰማያዊ ክር ሁለት ቋጠሮ ትቋጥራለች። ይህንን ከእሷና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ብዙም ሳይቆይ ጸሐፊው ማልያውን በክንዱ ላይ አንጠልጥሎ አጎንብሶ ገባ። «እትዬ፣ የዚህችን ስም ያንሱልኝና ይህን ይለጥፉበት» አለና በካውያ የሚለጠፉ ፊደላት ያሉበት ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ልጁ ለልክ በስምንት ሰዓት ይመጣል፤ በዘጠኝ ፎቶ አለ።» ፊቷን አላየም። ረስቶት ይሁን አፍሮ እግዜር ይወቅ፤ የማን እናት እንደሆነች ግን የስታዲየሙ ድመት እንኳ ያውቃል።

«ሌላ ማልያ የለም?» አለች።

«ተቆጥሮ የመጣ ነው እኮ፤ ሃያ ሦስት። ትርፍ የለም።»

«ልጄ ያውቃል?»

ጸሐፊው ወደ ጣሪያው አየ፤ ጣሪያው ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ለዓይን በጣም ቅርብ ነው። «ዝርዝሩ በአሥራ አንድ ሰዓት በቴሌቪዥን ይነበባል። እስከዚያ ድረስ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ አደራ። ከወጣ ከየት እንደወጣ ይታወቃል። የእርስዎም ሥራ የኮንትራት ነው፤ እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለና ወጣ። ለእርስዎ ብዬ ነው ያላት ነገር ከሌላው ሁሉ አቃጠላት።

የሥራዋ ነገር አላሳሰባትም ብንል ውሸት ነው፤ ግን እሱ ሁለተኛ ነበር። አንደኛው የፀጉር አስተካካዩ ቴሌቪዥን ነው። ከቤታቸው አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ዝርዝር በሚነበብበት ቀን ሁሉ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ያስጠጋና ሰፈርተኛውን ይሰበስባል፤ ልጇን ከመስታወቱ ፊት ባለችው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ስሙ ሲነበብ ወንበሯን ያሽከረክሩለታል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የተደረገው። ዛሬም ያስቀምጡታል። አንባቢው ከሁለት ቁጥር ወደ ሦስት ቁጥር ይሻገርና የሌላ ሰው ስም ይጠራል፤ ያን ጊዜ የሰው ዓይን ሁሉ፣ ከፊት ለፊቱ ካለው መስታወት ጋር፣ በልጇ ፊት ላይ ያርፋል። እሱን ብቻ እንዳላይ አለች። ሥራውንም ይውሰዱት፤ ከኔ አፍ ይስማው እንጂ ከዚያ ዕቃ አፍ አይሰማም። ማሽኑን ሁለተኛ ዙር አስነሳችና ምሳ ሰዓት እስኪደርስ የካልሲውን ውሃ ቀየረች፤ የቀየረችውን መልሳ ቀየረች።

በር ላይ ዘበኛው አስቆማት። ወሬ ካላወጋ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው። «ሰማሽ? ዛሬ እንግዳ ተጫዋች ፎቶ ይነሳል አሉ፤ ለአውሮፕላኑና ለሆቴሉ ያወጡትን ብታውቂ እኮ ያዞርሻል» አላት። ከዚያ በአገጩ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ባዶ ሜዳ አመለከታት። እዚያ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ሊሠራ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሣር ውጦታል። «ድንጋይ ዘርተው ሕንፃ እስኪበቅል ይጠብቃሉ» አለ ዘበኛው። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅለት ነበር። ዛሬ ግን በደመ ነፍስ ራሷን ነቅንቃ አለፈች። ልጇ ያደገው ከዚያ ድንጋይ ጀርባ ባለው ጠጠር ላይ ነው፤ ማሠልጠኛው ሲያልቅ የመጀመሪያው ተማሪ አንተ ነህ ብለውት ነበር። አሁን ማሠልጠኛው ቢያልቅ እንኳ ለልጁ የሚደርስ ነው፣ ያውም ልጅ ከወለደ።

ታክሲው ሰሞኑን በእጥፍ ጨምሯል፤ ሌላ ጊዜ ምሳዋን ይዛ ነው የምትመጣው፤ ለምሳ ቤት መሄድ ለሚኒስትር ሚስት ነው ትል ነበር። ዛሬ ግን ከፍላ ሄደች። በመንገዱ ሁሉ አረፍተ ነገሯን ታዘጋጅ ነበር። «ስማኝማ ልጄ» ብዬ እጀምራለሁ አለች። አይ፣ «ስማኝማ» ከተባለ ሞት ያለ ይመስላል። «ዛሬ አንድ ነገር ሰምቼ» ብል ይሻላል። ቤታቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ማብሰያውና የእሷ አልጋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የእሱ አልጋና ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ጫማዎች። ስትገባ ልጇ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ግራ ጉልበቱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ሩዝና ድንች ይበላል። ጫማው ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። ሰሞኑን በየማለዳው በአሥራ አንድ ተኩል እየተነሳ ይወጣል፤ ለቡድኑ ምርጫ እየተዘጋጀ ነው ብላ እሷ ራሷ ትቀሰቅሰዋለች። ያን ጫማ ስታይ ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ከአፏ ደርሶ ተመለሰ።

«በደህና ነው በዚህ ሰዓት?» አላት።

«ሽንኩርት አለቀ ብዬ።»

«እኔ እገዛ አልነበር?»

«አንተማ ሻጩ የጠራልህን ከፍለህ ነው የምትመጣው» አለች። ሳቅ አለ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተነጋገሩ፤ ስለ ውሃው ተነጋገሩ፤ ከትናንት ወዲያ የጠፋው ውሃ ዛሬ በስድስት ሰዓት መጥቶ በርሜሉ እስከ ግማሽ እንደሞላ ነገራት። ከዚያ ወሬው አለቀ። እናትና ልጅ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች፣ እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ ጠባቂዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የየራሳቸውን ወለል ያያሉ። አንዴ «ልጄ» አለች። ቀና ሲል «ጨው አንሶታል?» አለችው። «ደህና ነው» አላት። ጥቂት ቆይቶ እሱ በተራው «እማ፣ ዛሬ ሥራ ይበዛብሽ ይሆናል፤ አምሽተሽ ብትመጪ ይሻላል» አላት። «ዝርዝሩንስ?» አለች። «እሱን እኔ አየዋለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ አትንገላቺ።» አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሁኚ ሲላት የነበረ ልጅ ዛሬ አትምጪ አላት። ሽንኩርቱንም ሳትገዛ፣ ነገሩንም ሳትናገር ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስም ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል። ፊደሉ ላይ ስስ ወረቀት ታነጥፊያለሽ፤ ካውያውን ለብ አድርገሽ ታሳርፊያለሽ፤ ከዚያ ከጥግ ጀምረሽ በጥፍርሽ ትልጪዋለሽ። ካውያው ጥቂት ከጋለ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ማልያውም አበቃለት። እሷ ይህንን ከሰው ሁሉ በላይ ታውቃለች፤ ለዚህም ነው ካውያውን ይዛ ለረጅም ጊዜ የቆመችው። ትንሽ ማጋል ብቻ ነው የሚፈልገው። እጄ ሳተኝ ብትል ማን ይከራከራታል? አሰበችው፤ አላሰበችውም አንልም። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ካልሲ እንኳ ያላቃጠለች ሴት ናት፤ እጇ እምቢ አላት። የልጇን ስም ፊደል በፊደል ላጠች፤ አምስቱንም አንድ ላይ ጨምድዳ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ስሙ ተነሳ እንጂ ምልክቱ አልጠፋም፤ ፀሐይና ውሃ ያልነካው ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ የልጇን ስም ጻፈ። ቤንዚን በጥጥ ነክራ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። አዲሱን ስም ከላዩ ለጠፈች። አሁን የቀረው ክሩ ነው። ምላጩን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የበረኛውን ትከሻ እያሰበች፣ ዛሬ ደንብ የለም አለች፤ ይህን ክር ለማንም አላወርስም፤ ፈትቼ ቤቴ ይዤ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

እንግዳው ልጅ ሃያ አንድ ቢሆነው ነው። አጎንብሶ ገባና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ «እንደምን አደርሽ» አላት። ከዚያ በቀር ሰላምታ እንደማያውቅ ቆይታ ገባት፤ ቋንቋውን ከእናቱ በቀር ከሰው ጋር ተናግሮበት አያውቅም። ልትጠላው ተዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው። ማልያውን አጥልቆ ሲቆም ግን ወገቡ ላይ ሰፋው፤ የልጇ ጎን ሰፊ ነው፣ ይህኛው መለሎ። መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ ይዛ ጎኑን ስትሰበስብ፣ ሳትነግረው ሁለት እጁን ከፍ አደረገ፤ ሕፃናት ሸሚዝ ሲወልቅላቸው እንደሚያደርጉት።

«እናቴም አፏ ውስጥ ነው መርፌ የምትይዝ» አላት። «እኔ አታውሪ እላታለሁ። ትውጪዋለሽ እላታለሁ። እሷ ግን ታወራለች።»

መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። «የት ናት አሁን?»

«አምና ሞተች። እዚህ ሜዳ ላይ እንድታየኝ ነበር።» ቃል እየፈለገ ቆየ። «ሆቴሉ ጥሩ ነው። ግን ማንም አያወራኝም። ተጫዋቾቹ ሲስቁ እኔም እስቃለሁ፤ ምን እንዳሉ ግን አላውቅም። ግራው ብቻ ነው ጓደኛዬ።»

እጇ ጎኑ ላይ ቆመ። «ማን?»

«ግራው። ይህ የእሱ ቁጥር ነበር አይደል? ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ሜዳው የት ጋ እንደሚያነጥር ያሳየኛል። እዚህ ሜዳ ላይ ኳሷ ውሸታም ናት፤ አትመናት ይለኛል። ሁለት ሳምንት ሆነ። አሠልጣኙ ወረቀቱ ከመጣ አንተ አትጫወትም ብሎ ከነገረው ማግስት ጀምሮ።» ሳቅ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ክር የምትባል ሴት አለች። ለእሷ እንዳትነግራት፣ ሆዷ አይችልም አለኝ። እሷ የት ናት? እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

የቀረችውን መርፌ ቁልፍ ጎኑ ላይ ሰካች። «ዛሬ አልገባችም» አለችው።

ልጁ እፎይ ብሎ ማልያውን አወለቀ። ሲሰጣት አንገቱ ውስጥ ያለችውን ሰማያዊ ነገር አየ። «ይሄ ምንድን ነው? ሁለት ቋጠሮ አለው። ያሳክከኛል፤ ልቁረጠው?» ብሎ እጁን ወደ ምላጩ ሰደደ። ምላጩን ቀድማ አነሳችው። «ተው» አለች፤ ድምጿ ጠንከር ብሎ ስለወጣ አለሳልሳ ደገመችው። «ተወው፣ የኔ ልጅ። ምልክት ነው። የሰው እንዳይቀላቀልብህ ነው።» ምላጩን ወደ መሳቢያው መለሰች። ጎኑን ሰፋች፤ በጥድፊያ የተሰፋ እንዳይመስል ስፌቱን ደረበችው። ልጁ ለብሶ ወደ ፎቶው ሲሄድ ከበሩ ቆማ ጀርባውን አየች። የኮሪደሩ ብርሃን ከጎን ሲመታው ከአዲሱ ስም ሥር የልጇ ስም ጠቆር ብሎ ይታይ ነበር። ልብ ብሎ ላላየ ግን አይታይም።

ከዚያ በኋላ ሥራዋን እንዴት እንደጨረሰች አታውቀውም። ልጇ ያውቅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያውቅ ነበር፤ እሷ በማለዳ ቀስቅሳ፣ በርታ ልጄ ብላ ስትሸኘው፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ሊያስረክብ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መጋረጃ ለያይቷቸው፣ ለብቻው ተሸክሞታል። መኩራት አማራት፤ መናደድም አማራት። ከሁሉም በላይ ግን ብቻዋን የቀረች መሰላት፣ ጭንቀቱን ከእሷ ከደበቀ ለማን ይናገራል ብላ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሰፈር ደረሰች። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሞልቷል። መስታወቱ ፊት ያለችው ተሽከርካሪ ወንበር ባዶዋን ናት። «እትዬ፣ ልጁን ላኪልን እንጂ፤ ዙፋኑ እየጠበቀው ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ትንሽ ራሱን አሞታል» አለችና አለፈች። ልጇ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መብራት አላበራም። ስትገባ ደነገጠ። «አምሺ አላልኩሽም?» አላት። ጫማዎቹን ገፋ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። ግድግዳው ስስ ነው፤ የአንባቢው ድምፅ ቃል በቃል ይሰማል። አንድ ቁጥርን አነበበ። ሁለት ቁጥርን አነበበ። ሦስት ቁጥር ሲል የእንግዳውን ስም ጠራ፤ ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ሰው «ማን አለ?» ሲል ተሰማ፤ ከዚያ ከማዶ ያለው ቤት ሁሉ ጸጥ አለ። አንባቢው ወደ አራት ቁጥር ሄደ።

ልጇ ፊቱን ከግድግዳው አላነሳም። ከዚያ «ልብሱ ልክ ሆነለት?» አላት።

እንባዋ መጣ። ልትመልሰው አልሞከረችም። «ወገቡ ሰፍቶት ነበር። አጠበብኩለት» አለች።

«ነገረሻ።»

«እኔ መሆኔን አላወቀም።» ሽርጧን ሳታወልቅ ነበር የመጣችው፤ ኪሷ ውስጥ ያሉትን የተጨማደዱ ፊደላት በጣቷ ነካች፤ አላወጣቻቸውም። «ጎበዝ ነው?»

«ከኔ ይሻላል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። «ሣር ላይ አድጎ ነው፣ እማ። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ አሠልጣኝ ነበረው፤ ጉልበቱን የሚያይለት ሐኪም ነበረው። እኔን ያስተማረኝ ጠጠሩ ነው። በእሱ አልተናደድኩም። ግን አንድ ቀን፣ አንዳቸው እንኳ፣ ይህን ጉልበት ምን በላው ብለው አልጠየቁኝም።» ይህን ያህል ከተናገረ ዓመት ሆኖታል።

«ክሩስ?» አለ።

«አለ።»

«ሁለቱም ቋጠሮ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ሁለቱም» አለች። «እናት የለውም።»

«አውቃለሁ» አለ። ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነሽ እንደማለት። ከዚያ ግን ቀስ ብሎ ጋደም አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ልጅ ሳለ ተሸንፎ ሲመጣ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ሲተነፍስ እጇ ከፍ ዝቅ ይላል። ከማዶ ሃያ ሦስቱም ስም ተነቦ አልቆ፣ ሰዎቹ ወንበሩን እየመለሱ ቀስ ብለው ሲወጡ ይሰማል፤ በራቸውን ያንኳኳ ግን የለም። የተኛ መስሏት እጇን ልታነሳ ስትል ተናገረ።

«ልጁ ካምፕ እስኪገባ ገና ሁለት ጠዋት ይቀረናል» አለ፣ ከግድግዳው ሳይዞር። «በአሥራ አንድ ተኩል ቀስቅሺኝ።»